መያዝ ነበረብኝ

«ራሷ አይደለች እንዴ፣ መያዝ ሲገባኝ አልያዝኳቸውም ብላ የፈረመችው? እኛ ታዲያ ከምን እናውጣት?»

ይህን ያለችው ምድር ቤት የምትኖረው ልብስ አጣቢ ናት። ያለችው ለጎረቤቷ ነው፤ በሹክሹክታ ያወራች መስሏታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአራት ትልልቅ ማጠቢያ ማሽኖች ጋር ስትጯጯህ የኖረች ሰው ግን ሹክሹክታዋም ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። ወደ ሥራ ስትወርድ የነበረችው አስተማሪ ደረጃው መታጠፊያ ላይ አንድ እግሯን አንሥታ ቀረች። የሚወራው ስለ እናቷ ነበር። እናቷና ልብስ አጣቢዋ የሚሠሩት አንድ ቦታ ነው፤ አቅም ያነሳቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ልጆቻቸው እየከፈሉላቸው የሚጦሩበት፣ ባለቤቶቹ ባሕር ማዶ የተቀመጡ መጦሪያ ቤት። ከዐሥር ቀን በፊት እናቷ የምትንከባከባቸው አሮጊት ደረጃ ላይ ወድቀው እጃቸው ተሰብሯል። እናቷም ከዚያን ቀን ጀምሮ ታግዳለች። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀርባ ውሳኔዋን ትሰማለች፤ ልብስ አጣቢዋ ግን ውሳኔውን ከወዲሁ አውቃው የጨረሰች ትመስላለች።

አስተማሪዋ ስትወርድ ሁለቱ ሴቶች ጸጥ አሉ። ከዚያ ሰላምታቸው በዛ፤ እንዴት አደርሽ፣ እናትሽስ፣ ሥራስ፣ ሙቀቱስ። ሰው በሐሜት መሃል ሲያዝ ፍቅሩ እንዴት እንደሚጨምር ታውቃለች፣ እሷም በደንብ አድርጋ መለሰችላቸው። መንገድ ከገባች በኋላ ግን አንዲት ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀርታ ትቆረቁራት ጀመር። አልያዝኳቸውም። እናቷ እንዲህ ብላ አልጻፈችም። አለመጻፏን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ የእናቷን የምስክርነት ቃል ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው ራሷ ናት።

አሮጊቷ የወደቁ ዕለት አመሻሽ ላይ ነበር። የሚኖሩበት ቤት አንድ ክፍልና ግማሽ ነው፤ ግማሹ ወጥ ቤትም መታጠቢያም ነው፤ ለዚህም በወር ሦስት ሺህ አራት መቶ ይከፍላሉ፣ ውኃ ሳይጨምር። አንዲት ጠረጴዛ አለቻቸው። ይበላባታል፣ ይተኮስባታል፣ ፈተና ይታረምባታል። ያን ቀን አርባ ሦስት የተማሪ ወረቀት ተከምሮባት ነበር። እናቷ ጎኗን ደገፍ አድርጋ ገባች፣ የደብተር ቅጠል ከቦርሳዋ አወጣች፣ «ይቺን በእንግሊዝኛ አድርጊልኝ፤ ነገ ጠዋት ይፈልጓታል» አለች። ምን ሆነሽ ነው ስትላት «ጎኔን ብርድ መታኝ» አለቻት። አስተማሪዋ አንብባ ስትጨርስ ምንም አላለችም። እናቷም ምንም አላለችም። ሁለቱ እንዲህ ነው የሚኖሩት፤ ከባድ ነገር ሲመጣ አንዷ ሌላዋን ላለማስጨነቅ አፏን ትይዛለች፣ ዝምታውም እንደ መተዛዘን ይቆጠራል። እናቷ በቅርቡ ብረት ድስት ምድጃ ላይ ረስታ አቃጥላለች፣ ቁልፍ በር ላይ ትታ ሄዳለች፤ አስተማሪዋ ይህንን በሆዷ ይዛ ትዞር ነበር። ደከመች፣ እያለች። ወረቀቱን ለመተርጎም ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም።

የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ማስተማሪያ ክፍሉ ከጎማ መሸጫ በላይ ነው፤ በሞቃት ቀን ትምህርቱ ሁሉ ጎማ ጎማ ይሸታል። ተማሪዎቿ ከሥራ ሰዓታቸው ሸርፈው የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ዘበኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሁለት ነርሶች፣ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር። ከኋላዋ «ሚስ ግራመር» ይሏታል፤ ታውቃለች፣ ደስም ይላታል። ይህን ስም ያገኘችበት ትምህርት የተከፈለው በእናቷ ጉልበት ነው፤ በሰው አሮጊት ገላ ማጠብ፣ በሰው ሽማግሌ አልጋ ማንጠፍ። የዛሬው ርዕስ ግሦችን የሚያግዙት ትንንሾቹ ግሦች ነበሩ፤ ካን፣ ሜይ፣ መስት፣ ሹድ። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍላ በግራ አማርኛውን፣ በቀኝ እንግሊዝኛውን ጻፈች። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የጻፈችው። ይችላል፣ ካን። ይሆናል፣ ሜይ። አለብኝ፣ መስት። ነበረብኝ፣ ሹድ ሃቭ። ይህ የመጨረሻው ደግሞ፣ ብላ አስረዳቻቸው፣ መደረግ ሲገባው ያልተደረገ ነገር ነው፤ ጸጸት አለበት።

ሹፌሩ እጁን አወጣ። ክፍሉ ውስጥ «ለምን» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል፤ ለምን ሳይል ያደረበት ቀን ስለሌለ።

«ሚስ፣ ማክሰኞ የቀረሁት እናቴን ሐኪም ቤት መውሰድ ስለነበረብኝ ነው። እሱን እንዴት ልበለው?»

ዞር ብላ ያለ ብዙ ሐሳብ ጻፈችለት፤ አይ ሹድ ሃቭ ቴክን ማይ ማዘር። ሹፌሩ አነበበ፣ ጭንቅላቱን አከከ፣ ደግሞ አነበበ።

«እንዴ ሚስ። ይሄ እኮ አልወሰድኳትም ነው የሚለው። አሁን ራስዎ ያልተደረገ ነገር ነው ብለውናል። እኔ ወስጃታለሁ። የሐኪሙን ካርድ ላሳይዎት?»

ክፍሉ ሳቀ። እሷም ልትስቅ አፏን ከፈተች፣ ሳቁ ግን አልመጣላትም። ሰሌዳውን አጥፍታ ሃድ ቱ ብላ ጻፈች። ሃድ ቱ፤ ግድ ሆነብኝ፣ አደረግሁትም። አማርኛው አንድ ነው፤ ወስዶ የመጣም፣ ሳይወስድ ቀርቶ የሚጸጸትም መውሰድ ነበረብኝ ይላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ሰውየውን የሚያውቀው ነው። እንግሊዝኛው ግን ምረጥ ይላል። እናቷ የጻፈችው መያዝ ነበረብኝ ብላ ነው። አልያዝኳቸውም የሚለውን ወረቀቱ ላይ ያስገባችው እሷ ናት፣ በሹድ ሃቭ አድርጋ፤ ከዚያ ከመጦሪያ ቤቱ አንዱ እንግሊዝኛ ቻይ ወደ አማርኛ መልሶ ለሠራተኛው ነገረው፣ ወሬው ተመልሶ እሷው ደረጃ ላይ መጣ። ሰዓቷን አየች። ለዘጠኝ ሰዓት አንድ ሰዓት ከሩብ ይቀራል። እቤት ሰው ታሞብኛል ብላ ዋሸች፤ ተማሪዎቹ ማን እንደታመመ ሳይጠይቁ ደብተራቸውን ሰበሰቡ። ነርሶቹ ብቻ እርስ በርስ ተያዩ።

አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ፣ በአንድ እጇ ብረቱን ይዛ፣ በሌላው ስልኳን ከፈተች። የእናቷን ወረቀት ያን ቀን ፎቶ አንሥታው ነበር። የእናቷ እጅ ጽሑፍ ትልልቅና ክብ ክብ ነው። «እማማ በአንድ እጃቸው የደረጃውን ብረት፣ በሌላው የልጃቸውን ክንድ ይዘው ይወርዱ ነበር። መሃል ላይ ሲደርሱ ለቀቋቸው። መያዝ ነበረብኝ። እጃቸው ተሰበረ።» የእሷ ትርጉም ከሥሩ አለ። ዌን ሺ ሌት ጎ ኦቭ ዘም፣ አይ ሹድ ሃቭ ሄልድ ሀር። አሮጊቷ ብረቱንና ክንዱን ሁለቱንም ሲለቋቸው፣ እኔ መያዝ ሲገባኝ አልያዝኳቸውም፤ ነው የሚለው። ወደ አማርኛው ተመለሰች። ለቀቋቸው። ማን? ማንን? እናቷ ከሷ በዕድሜ የገፋን፣ በኑሮ የበለጠን ሁሉ አንቱ ነው የምትለው፤ አሮጊቷም እሳቸው ናቸው፣ የአሮጊቷ ልጅም እሳቸው ናቸው። አክብሮቱ ወንዱንም ሴቷንም አንድ መልክ ሰጥቷቸዋል። እሳቸው ብረቱን ለቀው ሊሆን ይችላል። ወይም እሳቸው እሳቸውን።

አውቶቡሱ መብራት ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ አለ። አጠገቧ የቆመች ሴት የቲማቲም ዋጋ በሁለት ቀን ስድስት መጨመሩን ለማታውቃት ሴት ታማርራለች። አስተማሪዋ ላቧ ጠብ ጠብ እያለ እናቷ ሌሊት ሌሊት ከአልጋ ስትነሣ ጎኗን ይዛ ቀስ ብላ እንዴት እንደምትነሣ አሰበች። «ብርድ መታኝ አለችኝ። እኔም ብርድ ነው አልኩ፤ በሦስተኛው ቀን ቅባት ገዝቼ ሰጠኋት፣ ስትቀባው ግን ገልጬ አላየሁም።» እንዲህ ስትል ሳታስበው ድምፅ አውጥታ ኖሮ ባለ ቲማቲሟ ሴት ዞር ብላ አየቻት።

እናቷ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ፌስታል አለ፤ ፌስታሉ ውስጥ ታጥቦ የተተኮሰ የሥራ ጋዋን። ከመለሱኝ ለብሼው እገባለሁ፣ ካሰናበቱኝም አስረክባለሁ ብላ ነው ያመጣችው። ልጇን ስታይ ቅር አላት። መጥተሽ ምን ትሠሪያለሽ ብላ ነበር ጠዋት፤ ወረቀቱ አለ አይደል፣ ወረቀቱ ይናገርልኛል ብላ።

«እማ፣ ማን ነው የለቀቀው?»

«የቱን?»

«ደረጃው ላይ። ለቀቋቸው ብለሽ ጽፈሻል።»

«እሳቸው ናቸዋ።»

«እሳቸው ማንን?»

«እሳቸውን።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም በሳቅ ይፈርሱ ነበር። «እማ፣ በናትሽ። ልጅየው ነው?»

እናቷ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየች። «ቀስ በይ። ስልክ መጣባቸው፣ ኪሳቸውን ሲፈልጉ ለቀቋቸው። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ወገባቸውን አፈፍ አድርጌ ያዝኳቸውና አብረን ወደቅን። ከሥር እኔ ባልነጠፍላቸው እጅ ብቻ ነበር የሚሰበረው?»

«ታዲያ እንደሱ ብለሽ ለምን አልጻፍሽም?»

«ጽፌያለሁ እኮ። ልጃቸው ናቸው የጣሏቸው ብዬ ልጻፍ እንዴ? እናታቸው ናቸው። ደንግጠው እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ለሚገባው ሰው ጽፌያለሁ» አለች እናቷ፣ የፌስታሉን ማሰሪያ እየጠመዘዘች። በሩ ተከፍቶ ተጠሩ።

ዳይሬክተሯ የአገሩን ቋንቋ የማታውቅ፣ ቀጭን፣ ሲያዩዋት የማትከፋ ሴት ናት። ፊት ለፊቷ የተዘጋ ፋይል አለ። ከጎኗ የአሮጊቷ ልጅ ተቀምጧል፤ ስድሳ የሚጠጋው፣ ሱፍ የለበሰ፣ ለመጦሪያ ቤቱ የሁለት ክፍል አልጋዎች በስጦታ የሰጠ ሰው። አስተማሪዋ ሳትቀመጥ ጀመረች። ወረቀቱን የተረጎምኩት እኔ ነኝ፣ ልጇ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ አለች፤ እንግሊዝኛዋ ሰሌዳ ፊት ስትቆም የሚፈስላትን ያህል አልፈሰሰላትም። ሹድ ሃቭ ያልኩት ሃድ ቱ ነው፤ አማርኛው በሁለቱም ይሄዳል። ሺ ያልኩት ሂ ነው፤ ዘም ያልኩት ሀር ነው። አራት ቃል ብቻ ነው፣ ግን እነዚያ አራት ቃላት እናቴን ይዛ ሳለች ያልያዘች አድርገዋታል። ዳይሬክተሯ ፋይሉን ከፍታ በእርሳስ ከቃላቱ ሥር እያሰመረች አዳመጠች።

«እኔ የመጣሁት ስለ እናቴ እጅ ነው፤ ለሰዋስው ትምህርት አይደለም» አለ ሰውየው፣ በእንግሊዝኛ።

ዳይሬክተሯ ግን ትክክለኛ ሰው ነበረች። ወደ እናትየው ዞራ፣ ልጅቷ እንድታስተረጉም ምልክት ሰጠችና፣ ማን ለቀቃቸው ስትል ጠየቀች። እናቷ ወለሉን አየች። «እሳቸው» አለች።

«እማ፣ እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። ወይ ሂ ነው ወይ ሺ። አንዱን መርጠሽ ንገሪኝ፣ አለበለዚያ እኔ ልመርጥልሽ ነው።»

እናቷ ቀና አለች። ዳይሬክተሯን አላየችም፣ ልጇንም አላየችም። ሰውየውን አየችውና ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ አሮጊቷን ገላዎን ልጠብዎት በምትልበት ለዛ «እርስዎ ይንገሯቸው» አለች።

ከኮሪደሩ የምግብ ጋሪ ሲንኳኳ ይሰማል። ሰውየው አማርኛውን በሚገባ ሰምቷል፤ ትርጉም አልጠበቀም። መነጽሩን አወለቀ፣ በክራቫቱ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። አይ ሜይ ሃቭ አለ። አይ ሜይ ሃቭ ሌት ጎ፣ ፎር ኤ ሰከንድ። ለሰከንድ ያህል ለቅቄያት ሊሆን ይችላል። አስተማሪዋ ደሟ ፈላ። የያዘችው ሹድ ሃቭ ደረሳት፣ የለቀቀው ሜይ ሃቭ ይበቃዋል። ግን ዳይሬክተሯ ያቺንም ብትሆን ጽፋታለች። ፋይሉን ዘጋች። ከሰኞ ጀምራ ወደ ሥራዋ ትመለስ፣ ስለ ዐሥሩ ቀን ደመወዝ ባለቤቶቹን እጠይቃለሁ አለች። አስተማሪዋ ተረጎመችላት። እናቷ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ለሁለቱም፣ ለሰውየውም ጭምር፣ ጎንበስ አለች። ስታጎነብስ ጎኗን ያዘች።

ሊወጡ ሲሉ ዳይሬክተሯ አስተማሪዋን ጠራቻት። ክፋት አልነበረውም፣ ገርሟት ነው። በእናንተ ቋንቋ በሁለቱም ይሄዳል ብለሻል፤ እናትሽ ደግሞ እዚያው ቤት ነበረች፤ ለምን የትኛው ነው ብለሽ አልጠየቅሻትም? አስተማሪዋ ቸኩዬ ነበር አለች። ወረቀት በዝቶብኝ። ዳይሬክተሯ ራሷን ነቀነቀች።

ግቢውን ወጥተው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ። ደስ ሊላቸው የሚገባ ቀን ነበር። አስተማሪዋ ግን መንገዱን ሙሉ ለፈለፈች፤ ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን፣ ጎንሽን ትታያለሽ አለች፣ ገንዘብ እንዳይመስልሽ አለች፣ ልብስ አጣቢዋን ዛሬውኑ አፏን አስይዛታለሁ አለች። እናቷ እሺ አለች፣ እሺ፣ እሺ። ማቆሚያው ላይ ሰው ተሰልፏል። ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ።

«መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ምን አለችሽ?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። ዛሬ የሁለት ሰው አፍ እሷ ናት፤ ጥሩ ሥራ ሠርተሻል አለችኝ ብትላት እናቷ በምን ታውቃለች። «ቃሉ በሁለቱም በኩል ይሰማል ካልሽ ለምን አልጠየቅሻትም አለችኝ» አለች።

«አንቺስ?»

«ቸኩዬ ነበር አልኳት።»

እናቷ ፌስታሉን ከቀኝ እጇ ወደ ግራ አዛወረች። አንድ አውቶቡስ ሞልቶ ሳይቆም አለፈ። ሰልፉ አጉረመረመና ተረጋጋ።

«በሁለቱም በኩል ይሰማል አልሽ አይደል፣ ቃሉ?»

«አዎ።»

«የያዘችም፣ ያልያዘችም?»

«አዎ፣ እማ።»

«የኔን ምነው በዚያኛው በኩል ሰማሽው?»

አስተማሪዋ የምትለው ነገር ፈለገች። ድስቱን ልታነሣ ነበር፣ ቁልፉን፣ አርባ ሦስቱን ወረቀት። አንዱም ከአፏ አልወጣም። አንብባ ስትጨርስ ዝም ያለችው ላለማስጨነቅ እንዳልነበር አሁን ገባት፤ እናቷ ሰው ጥላ እንደመጣች አምና፣ አፍራላት ነበር ዝም ያለችው። እናቷም ይኸው ሲገባት ፊቷ ላይ አየችው። ቁጣ አልነበረበትም። ብትቆጣ ይሻላት ነበር።

«ሰውየውን አልቀየምኩም፣ ሴትዮዋንም አልቀየምኩም» አለች እናቷ፣ መንገዱን እያየች። «እነሱስ አያውቁኝም።»